ክልክል

ማይንዝ፣ ምድር ቤት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
ቪብከ «እየው!» ብላ በክርኗ ነካችኝ።
ስክሪኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ ፍንጣሪ፣
የካልሲየም አዮን፣ ያለ ሰንሰለት ታሳሪ።

ከበላይዋ እርከን አለ፣ «ክልክል» የሚሉት፤
ቀጥ ያለው ጨረር ወር ሙሉ ቢያንኳኳ
አልተከፈተለት።

ዛሬ ብርሃኑን እንደ ክር ጠምዝዛ፣
ዙሪያውን አንድዳ፣ መሐሉን አፍዝዛ፣
ከድቅድቁ እምብርት አዮኗን አኖረች።
«እዚያ ምን ሊነካት?» ሳልል፣ ነጥቧ ጠፋች።

«ጠፋች! ጠፋች!» አለች፣ በደስታ ዘልላ፤
ወጥታ ነው የጠፋችው፣
ብርሃኗን ከታች ጥላ።

ሊነጋ ሲል ወጣሁ። በቀይ አምፑል ሥር
«መግባት ክልክል ነው» ይላል የቤተ ሙከራው በር፤
ለካ ለቀጥተኛ ኖሯል የተጻፈው ነገር።