ሐረጎን ያነበበ

አምስተኛ «ለ»፤ ስልሳ ሦስት ልጅ ታጭቆ፣
አራቱ በአንድ ዴስክ፣ ክርን ከክርን ተጣብቆ።
ከጦሳ የወረደ ጉም በተሰበረው መስኮት ደርሶ፣
ሰሌዳውን አልብሶ፣ ጠመኔዬን አርሶ።

«ኑርዬ፣ አንብብ» አልኩት። እየፈራ ተነሳ።
«አባቴ… ሴት ሠራ።» «ቤት»ን «ሴት» ብሎ አነሳ።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም፣ ምን ልደብቅ፣
በከንፈሬ ጥግ በኩል አመለጠኝ ሳቅ።
ከዚያ «ቁም!» አልኩት። እስኪደወል ቆመ።
በማግስቱ ቀረ። «ሆዱን» አሉኝ፣ «ታመመ።»
በንባብ ቀን ብቻ የሚነሳ ቁርጠት፣
እናቱ «ዐይን ነው» አለች፤ እኔ «ሰነፍ» አልኩት።
በቀይ እስክሪብቶዬ ደብተሩን አደማሁ፣
ፊርማዬን አኖርኩና ወደ ሌላው ዞርሁ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከኮምቦልቻ ስወጣ፣
ሚኒባስ ቆመልኝ፤ በሩን ከፍቶ መጣ
ኑርዬ! የአባቱ ረዳት ሆኖ፣
ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በራሱ ተማምኖ።
«ቲቸር፣ ከፊት ግቢ።» ሒሳቤን እምቢ አለ፤
ለዐሥራ አንድ ተሳፋሪ መልስ ሳይስት አደለ።

ሐረጎ ላይ ስንደርስ መንገዱ ጠፋ፣
ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ እየተገፋ።
ልጁ በመስኮት በኩል አንገቱን አወጣ፦
«አሁን ቀኝ ነው፣ ጠባብ። ክላክስ ንፋ፣ አባ።
ባሕር ዛፎቹን አልፈህ ግራ፤ ከዚያ የድንጋይ ካባ።
እዚህጋ ቀስ በል። ኢሱዙ ቆሟል፣ ሰማሁት።»
አባት መሪ ይጠመዝዛል፣ ልጅ እያነበበለት።

«እያነበበለት» አልኩ፤ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
ያ ሁሉ መታጠፊያ፣ አንድም ሳይሳት ተቆጠረ።
ሰኞ እኔ አሳፈርኩት፣ ክፍሉ እየሳቀ፤
ቅዳሜ እሱ አሳፈረኝ፣ ወንበሩን ለቀቀ።

መናኸሪያ ወርደን ጠየቅኩት ጠጋ ብዬ፦
«ይህን እንዴት አወቅከው? ንገረኝ፣ ኑርዬ።»
«መንገዱ» አለኝ፣ «ቲቸር፣ ቦታውን አይለቅም።
ፊደል ግን ይሄዳል፤ የት እንደሚታጠፍ አላውቅም።»

ማታውን ከጫማ ካርቶን መስኮት ቆረጥኩለት፣
ከገጹ አንዲት መስመር ብቻ የምታሳይለት።
የቀረው ጉም ይልበስ፤ በጉም ነው የለመደው።
ሳይንሱን በቃል ፈተንኩት፤ ከዐሥር ዘጠኝ ነው።

«ለአንድ ልጅ ብለሽ?» አሉኝ አቶ አሊጋዝ፣ «ስልሳ ሁለቱን ለማን ትተሽ?
ሚኒስትሪ ሲደርስ ካርቶን ይዘሽ ልትቆሚ ነው አብረሽ?»
መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነው።
ኑርዬም እስከ ዛሬ «ሰው»ን «በው» ነው የሚለው፣
ብቻ፣ ሲሳሳት ይቆምና፣ እንደ ሹፌር ልጅ፣
ኋላ ማርሽ አስገብቶ ይመለሳል እንጂ
ሆዱን አይዝም።

ከበሩ አጠገብ ደግሞ ሉባባ አለች፤
በሩ ጓ! ባለ ቁጥር ዴስክ ስር ትገባለች።
ተኩሱ ካለፈ ስንት ክረምት? ለእሷ አላለፈም።
ስም ስጠራ እጇን እንጂ ድምጿን አታወጣም።
ለእሷ የሚሆን ቅዳሜ እስካሁን አልመጣም።

ለጊዜው፣ የበሩን ጠርዝ በአሮጌ ጨርቅ ጠቀለልነው፤
ኑርዬ ገመዱን ያዘ። ቀስ ብለን ዘጋነው።