ከሚዛኑ ሆድ

በኔግሮስ ደሴት ላይ፣ በሸንኮራው አገር፣
አባቴ ሚዛን ቤት ሸክም ይመዝን ነበር።
ክሪሳንቶ እኩያዬ፣ የባለርስቱ ልጅ፣
ነጭ ጫማ አድርጎ ይቆም ነበር ከደጅ፣
ከቆዳው መዝገብ ላይ ስም እየቆጠረ፣
የማን ቀን ጎደለ፣ የማን ዕዳ ናረ።
ፊደል የለየው እዚያው ነው፤ በኛ ስም፤
ባለስሞቹ ግን ማንበብ አናውቅም።

በዘጠኝ ዓመቱ፣ ኳስ ገብታ ከሚዛኑ ሆድ፣
ብረት ይዞ ወጣ፣ ቡጢ የሚያህል፣ ከባድ።
አባቴን ላብ አጠመቀው። ዶን ኤውሴቢዮ ሳቀ፣
የልጁን ጣቶች በብረቱ ላይ አጠበቀ፦
«ይሄ ነው ጫማህ፤ ይሄ ነው የማኒላው ትምህርት ቤትህ፤
የእናትህ ፒያኖም ይሄው ነው። ያዘው፣ እንዳይጠፋህ።»

ልጁ አላለቀሰም፤ አልሳቀም እንደ አባቱ፤
ማታ ግን ደጃችን ቆመ፣ ኪሱ ተንጠልጥሎ በክብደቱ፣
ሊናገር ፈልጎ አንዳች።
እናቴ የተጠበሰ ሙዝ ሰጠችው፤
በልቶ ሄደ። ቃሏም ሳትወጣ ቀረች።

ዛሬ አገረ ገዥ ነው፤ አነጋገሩ ለስላሳ፣
የኛን ቋንቋ የሚያውቅ፣ የማንንም ስም የማይረሳ።
(በኛ ስም ፊደል የቆጠረ፣ እንዴት አድርጎ ይርሳ?)

ባለፈው አርብ የሸንኮራ ቆራጮቹን ማመልከቻ ይዤ ገባሁ፤
ከጠረጴዛው ላይ ያንኑ ብረት አየሁ፣
የወረቀት መጫኛ ሆኖ፣ ዝገቱ ተወልውሎ።
ለጸጸት ይሁን ለኩራት፣ አልጠየቅሁም። እሱም «ወንድሜ» ብሎ
እስከ ፊርማችን አነበበው፤ ዓይኑም እርጥብ መሰለ፤
ከብረቱ ሥር አኖረው።
ማራገቢያው ይዞራል፤
ወረቀታችን ግን ንቅንቅ አላለ።