ያለ ዘፈን ቅኝት

ሮዥኖቭ በረዶ ጥሏል፤ ጎብጧል ጣራው ከክብደቱ።
ፓኒ ድራሆሚራ ጠሩኝ፣ ከጋራዡ፣ በሌሊቱ።
«ባትሪውን ያዝልኝ ቦሁሽ፤ ዐይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤
እጄን ግን አትጠራጠር፣ እሱ ገና አልደከመም።»

ጠረጴዛው ላይ በጎኑ ተጋድሟል፣ ሆዱ ተከፍቶ፣
የእሳት አጥፊዎቹ አምፕሊፋየር፣ የአምናን ጭፈራ ሸትቶ፤
ቢራ፣ ሲጃራ፣ የሰው ላብ።
ለቅዳሜ ይፈልጉታል፤ ዳንስ አለ፤ የመንደሩ ልብ
ከወዲሁ እግር እግር ይላል።

አራት ቫልቮች ተተክለዋል፣ አራት ጠርሙስ ጎን ለጎን፤
ሁለቱ የዘንድሮ እንግዳ፣ የገበያ፤ ሁለቱ ግን
እዚሁ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ፋብሪካው ሳይዘጋ በፊት
የተነፉ ናቸው። ፓኒ ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ቤት
አየር ከብርጭቆ ሲመጥጡ፣ አንገቱን በእሳት ሲያሽጉ
ኖረዋል። ቁጥሩ ተፍቋል፤ የእጃቸው ይሁን አይሁን፣ ትንሽ ፈለጉ፣
ተዉት።

«ግራ እጅህ ኪስህ ይግባ! የዚህ ቤት ሀሁ ይህ ነው።
አራት መቶ ሃምሳ ቮልት እዚህ ሥር ተኝቷል፣ እየው፤
ውሻ እንኳ ሳይናከስ በፊት ያጉረመርማል፤ ይኼ ዝም ነው።»
ዝቢኔክን አነሡልኝ፤ ሁለት እጁን ሰዶ ሲነካ
ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን፤ እስከ ዛሬ ድረስ ለካ
የቀለበት ጣቱ አይታጠፍም።

ከዚያ መጠበቅ። ግማሽ ሰዓት። ክሩ ቀልቶ፣ ብርጭቆው ሞቆ፣
ትራንስፎርመሩ እንደ ንብ ከቀፎው ውስጥ ተደብቆ
ሲያንሾካሹክ፣ ፓኒ ድራሆሚራ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ።
«ችኩል ሰው ቀዝቃዛውን ለክቶ ትኩሱን ያቃጥላል» ይላሉ።

ጊዜው ሲሞላ ካቻቪቴው ወጣ፤ ቴስተሩ ጫፉን ዘረጋ።
ሃያ ስምንት። ፀጉር ታህል ዞር። ሠላሳ አንድ። ረጋ፣ ረጋ።
«ሠላሳ አምስት!» ብዬ ስጮህ፣ ጎረቤትየው ወረደ በቅጽበት፤
አንዱ ሲጠግብ ሌላው ጦሙን ያድራል በዚያ ቤት።
ወደ መጀመሪያው ተመለስ፤ ወደ ሦስተኛው፤ ወደ ኋላ፤
መንገድ ማዶ ምድጃ ሲለኮስ፣ ቮልቱ ሲያንስ፣ እንደገና ሌላ
ዙር።

«ብታበዛለት» አሉኝ፣ «ውስጥ ያለው ብረት ይቀላል፣
እንደ ሰካራም ጉንጭ፤ አንድ ክረምት ሳይሞላው ይሞታል።
ብትነፍገው ደግሞ፣ ዜማውን አንዱ ለሌላው ሲያቀብል፣
ደረጃ እንደሳተ ሰው ድምፁ መሃል ላይ ክብልል።»

ምኑን ነው ግን የምንቃኘው? ዘፈን የለም፤ ሸክላ የለም፤
ድምፅ ማጉያው አፉን ዘግቷል፤ አንድ ትንፍሽ አይልም።
ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን በሽንኩርት ጣት ከፍ አድርገው፦
«ሲዘፍንማ ማንም ይሰማዋል። እኔ የምለካው
ሳይዘፍን የሚጠጣውን ነው።
ሰውም እኮ—» አሉና፣ ተዉት።

አራተኛው፣ ከአሮጌዎቹ አንዱ፣ ሠላሳ ሦስት ላይ አሻፈረኝ አለ።
ሲገፉት ይወጣል፤ ሲለቁት ይንሸራተታል፣ እንደታከተው፣ እንደዛለ።
ሦስቴ ሞከሩ። ከዚያ ካቻቪቴውን አስቀመጡና
«እዚህ ይረፍ» አሉ፣ «አታስጨንቀው፤ ሽማግሌ ነውና።»

ከመሳቢያው ቀይ የጥፍር ቀለም አወጡ። የእሳቸው ጥፍር
ባዶ ነው፣ ጠርዙ የጠቆረ። በየብሎኑ ራስ ላይ፣ እንዳይዞር፣
ጠብታ ጣል አደረጉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
አራተኛው ላይ እጃቸው ዘገየ፣ ለአንዲት ቅጽበት።

ቅዳሜ ፖልካው ሲንዳዳ፣ ከሊብዬና ጋር ጫማ ስንጨርስ፣
እሳቸው ከጥጉ ወንበር፣ ጥቁር ሻርፕ እስከ አገጭ ድረስ፣
ጀርባቸውን ለጨፋሪው፣ ፊታቸውን ለግድግዳ፤
ለዜማው ጆሮ አይሰጡም፤ ለዜማው እሳቸው እንግዳ።
አንዱ ሸክላ አልቆ ግን፣ ጭብጨባው ሳይነሣ፣ በዚያች ስንጥቅ፣
አንገታቸው ቀና ይላል። ምንም። ከከንፈራቸው ጫፍ ሳቅ
ብልጭ ትላለች።
ከዚያ ሰው ያጨበጭባል።