አሥራ አምስት ኪሎ

ከብሔራዊ ትያትር ደጅ፣ ከድንጋዩ አንበሳ ፊት፣
ሚዛኔን ዘርግቼ ስውል ይኸው ዘጠኝ ክረምት።
በአምስት ብር ይወጣሉ፣ በአምስት ብር ይወርዳሉ፤
«ቀነስኩ!» ብለው የሚስቁ፣ «ሚዛንህ ይዋሻል» የሚሉም አሉ።
ሠርጓ የደረሰ ሙሽራ፣ ቀሚሷ እንዳይጠባት፣
ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ልጇን ያወጣች እናት፣
ሁሉም ጫማውን ያወልቅና ትንፋሹን ይይዛል፤
ትንፋሽ ኪሎ የሚጨምር ይመስለዋል።

በመጋቢት፣ አንድ ማለዳ፣ እጥፍወርቅ ከፎቅ ወረደች፣
ከጉዞ ወኪሉ ቢሮ፤ «ሚዛንህን ያዝና ና!» አለች።
«የኛው ባትሪው ሞተብን። ስድስት እንግዶች አሉን፤
አብራሪው ሳይመዘኑ አያሳፍርም አንዳቸውን።»

ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል።
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ሚዛኔን በብብቴ፤
አፍሪካ ግድግዳው ላይ ቆማ፣
ያን የሚያህል ካርታ አይቼ አላውቅም በሕይወቴ።

በትንሽ አውሮፕላን ነው አሉ። እስክሪብቶዋ ይሄዳል፦
ከዳሎል ጨው በላይ አድርጎ፣ ወደ ቱርካና ሐይቅ፣
ከዚያ ላሙ፣ የባሕሩ ጠረፍ፣ ጠባቡ መንገድ በአህያ የሚዘለቅ፣
ከዚያ ማራ፤ እዚያ ደግሞ የሜዳው አህያ ነው፣ ጭነት የማያውቀው፣
ከዚያ ናሚብ፣ የአሸዋው ተራራ ወርዶ ውቅያኖስ የሚነካው።

«ሁሉንም ከላይ ነው የሚያዩት?»
«ይወርዳሉ እንጂ። ያድራሉ። ደግሞ ይነሳሉ።»
እንደ አሞራ በይኛ!

«ሻንጣ ግን ለአንድ ሰው አሥራ አምስት ኪሎ ብቻ።»
ሳቄ አመለጠኝ።
አሥራ አምስት ኪሎማ ሰፈሬ ነው፣ እመቤቴ፦
አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ሲደመር፤
ማታ ማታ በእግሬ የምደምረው፣ ሽቅብ፣ እስከ ቤቴ።

ጀመርን። ቀዩ ሰውዬ፣ ዘጠና አራት ከነቀበቶው፤
ፀጉር ማድረቂያ ከአንዷ ወጣ፣ ወፍራም መጽሐፍ ከሌላው፤
ጠርሙስ፣ ቡትስ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ ወለሉን ሞላው።
እኔ ቁጥር እጠራለሁ፣ እጥፍወርቅ ትጽፋለች፤
አንዲት ሽበታም ሴትዮ መጨረሻ ላይ ቀረበች።

አሥራ ስድስት ተኩል።

ከቦርሳዋ ሥር በርብራ ያወጣችው ድንጋይ ነው፤
ቡናማ፣ የዳቦ ያህል፣ ነፋስ ደጋግሞ የላሰው።
በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች፤ እጥፍወርቅ አቀበለች፦
«ከሰሃራ ነው፣ የልጅነቴ።
'ስመለስ እወስደዋለሁ፤ አደራ' ትልሃለች።»

ፎርሙ ላይ ሰባተኛው መስመር ባዶ ነበር።
«አንተስ? ውጣበት እስቲ» አለችኝ፣ ለጨዋታ።
ዘጠኝ ዓመት ሰው መዝኜ እኔ ወጥቼበት አላውቅም።
አጎንብሼ ላነብ ስል መርፌው ይሸሻል፤
ቀጥ ብዬ ስቆም ደግሞ አይታየኝም።
እሷ አነበበችልኝ፦ «ሃምሳ አንድ። ከሁሉም ትቀላለህ።»

የከበደው በረረ፤
የቀለለው ቀረ።

ከሰዓት፣ ጭላቶች ከትያትሩ በላይ ሲዞሩ፣
ከመካከላቸው አንድ ቀጭን የሞተር ድምፅ ሰማሁ።
ያቺ ትሁን ሌላ፣ እንጃ።
መልኳን አላውቀውም፤ ሸክሟን ግን አውቃለሁ፦
አምስት መቶ ሃያ ሁለት ኪሎ፣
ከነሻንጣው፣ ከነሰዉ።

ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። ሴትዮዋ አልመጣችም።
«መመለሻቸው በኬፕታውን ነበር» አለች እጥፍወርቅ፣
ምሳ ልትበላ ስትሻገር፣ ቆም ሳትል።
እኔም ድንጋዩን አልጣልኩትም።
ጠዋት ጠዋት፣ ከደንበኛ በፊት፣ እሱን አወጣዋለሁ፤
አንድ ኪሎ ተኩል ካለ
ሚዛኔ አልዋሸም፣ ሥራ እጀምራለሁ።
መዳፌ ላይ ግን ሁልጊዜ ትንሽ አሸዋ ይቀራል፤
አራግፈዋለሁ፣ ወደ ቸርችል ጎዳና፣ ቁልቁል ይሄዳል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይሉኛል፣ ጫማቸውን እያወለቁ።
«ሻንጣዬ ነው» እላለሁ፤
«ገና አሥራ ሦስት ተኩል ይቀረኛል።»