ጣውንት

ከኢዝሚር ወደ ደቡብ፣ በለስና ጥድ ያጠሩት፣
ጡረተኛ ባቡሮች ተደርድረው የቆሙበት
ገላጣ መስክ አለ።
ሐምሌ ነው፤ የዚህ አገር ሐምሌ ግን ዝናብ አያውቅም፣
ብረቱ ከመጋሉ እጅ አያስቀምጥም።

ወንድሜ ኔቭዛት ትኬት ቆረጠ፤ የእናታችን በነጻ።
አባቴ ካለፈ አምስት ዓመት፣ መቃብሩን አንዴ ብቻ ጎብኝታለች፤
እዚህ ግን «ውሰዱኝ» ብላ ሦስት እሁድ ነዝንዛናለች።

ጉልደን ሐብሐብ ታቅፋ ጥላ ታስሳለች፤
ልጇ ኔሂር ካንዱ ፉርጎ ወዳንዱ ትሮጣለች።
«ይቺኛዋ ለምን አትሄድም?»
«ጡረታ ወጥታለች።»
«እንደ አያቴ? ታዲያ በየወሩ ስንት ትቀበላለች?»

ሁላችን ሳቅን። እናቴ አልሰማችም፤
ከጥቁሮቹ መሐል ቁጥር ትፈልጋለች።
ጋዜጣ በቅጡ አታነብም፣
ያን ቁጥር ግን ታውቃለች፦
ከአባቴ የሥራ ጃኬት፣ ከደረቱ ላይ የተጠለፈ፤
ሠላሳ ዓመት በሳሙና ፈተገችው፣
ቁጥሩን አደበዘዘች እንጂ ጥላሸቱን አላስለቀቀች።

ከረድፉ ጫፍ አገኘቻት።
ከዘራዋን አንስታ ጎኗን አንኳኳች፤
ጓ አለ፤ እንደ ባዶ በርሜል።
«አንቺ ነሽ?» አለች።
«አንቺ ነሽ ጣውንቴ?
በሌሊት በፉጨት ጠርተሽ ባሌን የምትወስጂ፣
አልጋዬን አቀዝቅዘሽ የራስሽን ሆድ የምታነጂ?
ሦስቴ ሳምጥ፣ ሦስቴም አንቺ ዘንድ ነበረ፤
እኔን አንድ ቀን በእጁ ሳያጎርስ
አንቺን በአካፋ ሲያጎርስ ኖረ።»

ኔቭዛት አፍሮ አንገቱን ደፋ።
አንድ ጎብኚ ካሜራውን ወደ ሌላ አዞረ።
እኔ እንባ ጠብቄ ከቦርሳዬ መሐረብ ሳወጣ፣
እሷ በእሳት ጉሮሮዋ አጎንብሳ ታያለች፦
የደረቀ የበለስ ቅጠል፣ የብስኩት ወረቀት፣
አንዲት እንሽላሊት፣ ከብርሃን ሸሽታ ወደ ውስጥ የምትገባ።

ብዙ አየች።
«እሺ» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«አንቺንም የሚያጎርስሽ የለማ።»

ከዚያ የሻሿን ጫፍ በምራቋ አርሳ
የቁጥሩን ሰሌዳ ጠረገች፤ የመጨረሻዋን ሰባት ደጋግማ፣
የልጅ ፊት እንደምታብስ፣ ሳትራራ።

ከወዲያ ማዶ ኔሂር ጣራ ላይ ወጥታ ኖሮ
ዘበኛው ፊሽካውን ነፋ።
ሁላችን ዞርን።
እናቴ ብቻ አልዞረችም።
አጠገቧ፣ ማንም ወደሌለበት ቦታ፣
«ሂድ» አለች፤ «እየጠራችህ ነው።»