ሐረጎ ላይ ጉም ነው

ጦሳ ጉም ደርቦ ገና ሳይነቃ፣
እወርዳለሁ በሆጤ፣ በእጄ ምሳ ዕቃ፣
በቦርሳዬ ጠመኔ፣ ክር፣ የወረቀት መቀስ፣
አንድ ትርፍ ሱሪ (ለማን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ)።

አርባ ሦስት ናቸው። አርባ ሦስት አፍንጫ፣
አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ ግማሽ ጠርሙስ ሙጫ።
ሰኞ ሰኞ ጥፍር ነው። ኢምራን እጁን ኪሱ እንደ ከተተ ዋለ፤
"ቲቸር፣ ትናንት ቆርጬው ነበር፣ ሌሊት በቀለ" አለ።
ማስተዋል "ሐ"ን ጽፋ አንድ እግር ጨመረች፤
"ቁልቁለት ላይ ስለሆነ፣ እንዳይወድቅ" አለች።

ምሳ ሰዓት ገበያ ነው፤ ሰኞ ገበያም እንዲህ አይጯጯህም፤
የማን ቤት ይጾማል፣ የማን ቤት አይጾምም፣
በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ክዳን አላምታታም።

በቀን ሰባቴ ያህል "እማ" ይሉኛል ተሳስተው፣
አፋቸውን በመዳፋቸው ይይዛሉ ደንግጠው፤
እኔም ያልሰማሁ መስዬ ጠመኔ እፈልጋለሁ፤
አንዳንዴ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ጆሮዬን አቀርባለሁ።

ከክፍል ስወጣ ክፍሉ ከእኔ አይወጣም።
ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ "እጅ ለእጅ፣ መገፋፋት የለም!"
ልል ምንም አልቀረኝም።
ባጃጅ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ድንገት ሲያስነጥሱ፣
እጄ ከነሶፍቱ ወደ አፍንጫቸው ሄደ፣ በራሱ።
ባለፈው ኅዳር ሊያየኝ የመጣው ሰው ሻዩን ቢደፋ፣
"አይዞን፣ ማንም ይደፋል" አልኩት፤ ጠረግሁለት፤ ሳቀ፤ ጠፋ።
ደመወዜም እንደሱ ነው፤ ይመጣል፣ ይስቃል፣
የቤት ኪራይ ሰላም ብሎ ዘይት ቤት ደጃፍ ያልቃል።
ማታ ተኝቼ እቆጥራለሁ፤ አርባ ሁለት ላይ እነቃለሁ፤
"አንዱ የት ገባ?" ብዬ ብርድ ልብሱን እገልጣለሁ።

ላወራ ያሰብኩት ግን ይህን አልነበረም።

ትናንት ዘጠኝ ተኩል ሲሆን አርባ ሁለቱ ሄዱ፤
ኑዕማን ብቻ ቀረ፣ ዓይኑን ተክሎ ከመንገዱ።
እናቱ ረውዳ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ናት፤
ማምሻውን ስትመለስ ዳገቱ አለባት።
ደወልኩ። "ቲቸር፣ ሐረጎ ላይ ጉም ነው፤
ፊታችን ያለው አይሱዙ ነው መንገድ የዘጋው፤
ልጄን..." ብላ ሳትጨርስ መስመሩ ተበጠሰ፤
አደራ የሚለው ቃል ሳይደርሰኝ ደረሰ።

ጋሽ እንድሪስ ቁልፉን አንቀጫቀጩ፤ አየኋቸው፤ ተዉት፤
ካፖርታቸውን አውልቀው ልጁን ጠቀለሉት።
"አብሽሪ" አሉኝ፣ "ጉም ነው፤ ጉም ሰው አይበላም።"

ደፉ ላይ ተቀመጥን። መኪና ቆጠርን።
እስከ አሥራ ዘጠኝ ያውቃል፤ ከዚያ "አሥራ አሥር" ይላል፣
"አሥራ አሥራ አንድ"፤
ሌላ ቀን አርመዋለሁ፤ ዛሬ ይለፍ፣ ይበቃል።

ጉሙ ከገደሉ፣ ከአዝዋ በኩል፣ እየዳኸ መጣ፤
የመንገዱን ማዶ በላ፣ የሱቁን መብራት ጠጣ።
ኑዕማን ቀና ብሎ፣
"ያንቺስ እማዬ መቼ ነው የምትመጣ?"

ምን ይባላል?
እናቴ ካረፈች ዘንድሮ ሦስት ዓመት ተባለ፤
ለአርባ ሦስት አፍንጫ የያዝኩት ሶፍት
ለአርባ አራተኛ ዋለ።

"እሷም መንገድ ላይ ናት" አልኩት። "ሐረጎ ላይ ጉም ነው።"
ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው።
"እንግዲያ ቁጭ በይ" አለኝ፣
የካፖርታውን ግማሽ ጉልበቴ ላይ እየጣለ።

ሁለት መብራት ከጉሙ ብቅ አለ፣ ሞተር እያቃሰተ፤
ኑዕማን ዘሎ ተነሣ፣ ካፖርት እየጎተተ፤
"አሥራ አሥራ ሁለት!" ብሎ ቆጠረ፤
ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
"ይቺስ" አለኝ፣ "የማናችን እማዬ ናት?"