አምካኙ

ኩይቶ ጫፍ መንደር ላይ፣ መብራት በሄደበት፣
አዴሪቶ ብቻ፣ ስልኩ አብርቶበት፣
አምስት በአምስት ሜዳ፣ ሃያ አምስት ሣጥን፣
ሦስቱ ፈንጂ አዝለው፣ ቀሪው አልማዝ ሲሆን።

ድሮ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ በጉልበቱ ሄዷል፣
በብረት ዘንግ አፈር ቀስ አድርጎ ወግቷል፤
በቀን ሦስት ክንድ መሬት፣ አይበልጥም፣ አይቸኩል፣
አንዲት ቆርኪ ብትጮህ ግማሽ ቀን ሲጎለጉል።
ሁለት መቶ አርባ አንድ በእጁ አምክኗል፤
ጣቶቹን ቁጠሩ፣ አሥሩም ተሟልቷል።

ዛሬ አንድ ጣት በቃ። ነካ። አልማዝ። ነካ።
የዶሚንጋስ ዱቄት በእጥፍ ተተካ።
«ውሰድና ውጣ» ይላል ቢጫ ቁልፉ፤
ድሮ ፊሽካ ሲሰማ ይወጣል በሰልፉ፣
ዛሬ ፊሽካ የለም።
ነካ።

ድምፅ የለ፣ አቧራ የለ፣ የጮኸ ሰው የለ፤
ቀይ አበባ መሰል ምስሉ ብልጭ አለ።
ብርድ ልብሱን ገልጦ እግሩን አየ፤ ድኗል።
የዘበኛ ደመወዝ፣ ሙሉ ወር፣ መክኗል።

ዶሚንጋስ ዞር ብላ፣ በእንቅልፍ ልብ፣ «ነጋ እንዴ?» አለች።
«ገና ነው፣ ተኚ።»
ሜዳው ተመልሶ ተከድኗል፣ ሃያ አምስቱም ሣጥን፣
አንድም ቀይ የተቀባ ድንጋይ ሳይኖርበት።